የዳግም ዘር ታሪክ ከባቢሎን እስከ ጋይንት

አንድ ሙሉ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ውጤት የዚያ ቁጥር ዳግም ርቢ ይባላል፤ እንዲህ የተገኘው ውጤት ሙሉ ካሬ ቁጥር ሲሆን፣ በራሱ ተባዝቶ ያስገኘው ቁጥር ደግሞ ዳግም ዘሩ፣ በትምህርት ቤት የዘወትር አነጋገር ስኩዌር ሩቱ ነው። 6 በ6 ሲባዛ 36 ስለሚሆን 36 ሙሉ ካሬ ቁጥር ነው፤ ዳግም ዘሩም 6 ነው። ከዘሩ ወደ ርቢው መሄድ ማባዛት ለሚያውቅ ሰው ሁሉ ቀላል ሲሆን፣ ከርቢው ወደ ዘሩ መመለስ ግን የራሱ ዘዴ አለው፤ የዚህም ዘዴ ታሪክ ወደ አራት ሺህ ዓመት ይጠጋል። ከጉና ተራራ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆዎች በተዘረጋው የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ማለትም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ሁለት የስሌት ትምህርቶች ጎን ለጎን ኖረዋል። አንደኛው በዓላትንና አጽዋማትን የሚያወጣው የቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ተማሪው በ8ኛ ክፍል ዳግም ዘርን የሚማርበት ዘመናዊው ሂሳብ ነው። ሁለቱ ከየት እንደ ተነሡ፣ በምን እንደ ተለያዩና በምን እንደሚገናኙ የሚታወቀው ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ በዘመን ቅደም ተከተል ሲከተሉት ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ሺህ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የባቢሎን ጸሐፊዎች እርጥብ ሸክላ ላይ በሸምበቆ ብዕር እየጫኑ የቁጥር ሠንጠረዦችን ያዘጋጁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 በደቡብ ኢራቅ ሰንከሬ በተባለው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ከተገኙት ሰሌዳዎች አንዱ ከ1 እስከ 59 ያሉትን ቁጥሮች ዳግም ርቢ በተራ የዘረዘረ ነው። ባቢሎናውያን የሚቆጥሩት በስድሳ መደብ ስለ ነበረ፣ የ8 ርቢ የሆነውን 64ን «አንድ ስድሳና አራት» ብለው ይጽፉት ነበር። እንዲህ ያለውን ሠንጠረዥ ከግራ ወደ ቀኝ ያነበበ ሰው ርቢን ሲያገኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያነበበው ደግሞ ዳግም ዘርን ያገኛል፤ ስለዚህ ለሙሉ ካሬ ቁጥር የመጀመሪያው የዳግም ዘር መንገድ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ዝርዝርን ወደ ኋላ ማንበብ ነበር ማለት ይቻላል። ዘሩ ሙሉ ሆኖ ለማይወጣ ቁጥር ደግሞ የተጠጋ ዋጋ ያሰሉ ነበር፤ ዛሬ በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ ስብስብ ውስጥ የሚገኝ አንድ ትንሽ ሰሌዳ የ2ን ዳግም ዘር ከእውነተኛው ዋጋ እጅግ በጥቂቱ ብቻ የሚለይ አድርጎ አስፍሮታል።

በዚያው ዘመን አካባቢ በግብፅ የተጻፈና ዛሬ በበርሊን የተቀመጠ ፓፒረስ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ክንድ የሆነን ካሬ ለሁለት ታናናሽ ካሬዎች ስለ መክፈል ይጠይቃል፤ የአንደኛው ጎን የሌላው ሦስት አራተኛ መሆን አለበት ይላል። ጸሐፊው ለትልቁ 1፣ ለትንሹ ሦስት አራተኛ ብሎ ገምቶ ይጀምርና፣ የሁለቱን ርቢ ደምሮ የድምሩ ዳግም ዘር አንድ ከሩብ መሆኑን ያገኛል፤ ከዚያ የ100ን ዳግም ዘር 10ን በአንድ ከሩብ አካፍሎ 8 ላይ ይደርሳል። ሁለተኛው ጎንም 6 ይሆናል፤ 64 እና 36 ሲደመሩ 100 ስለሚሆኑ መልሱ ትክክል ነው። በዚህ ጥያቄ ውስጥ ዳግም ዘር ከመሬት ስፋት ጋር ተያይዞ መምጣቱ ልብ ሊባል ይገባል፤ ምክንያቱም ከስፋት ወደ ጎን የመመለስ ጥያቄ ባለበት ሁሉ ዳግም ዘር ይፈለጋል።

ሠንጠረዥ ሳይፈልጉ የማንኛውንም ትልቅ ሙሉ ካሬ ቁጥር ዳግም ዘር አሃዝ በአሃዝ የማውጣት ዘዴ ተሟልቶ ከሚገኝባቸው ጥንታዊ መጻሕፍት አንዱ «ዘጠኙ ምዕራፎች» የተባለው የቻይና የሂሳብ መጽሐፍ ሲሆን፣ የተጠናቀረውም በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በክርስቶስ ልደት አካባቢ ነው። የመጽሐፉ አራተኛ ምዕራፍ ስፋቱ 55225 የሆነ የካሬ መሬት ጎን ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። የስሌቱ አካሄድ ቁጥሩን ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አሃዝ አድርጎ በመክፈል ይጀምራል፤ ስለዚህ 55225 ወደ 5፣ 52 እና 25 ይከፈላል። ከመጀመሪያው ክፍል ከ5 የማይበልጠው ትልቁ ካሬ 4 ስለሆነ የዘሩ የመጀመሪያ አሃዝ 2 ይሆናል፤ 4 ከ5 ሲቀነስ 1 ይተርፋል፤ ቀጣዩ ክፍል 52 ወርዶ ከጎኑ ሲጻፍ 152 ይሆናል። የተገኘው 2 በእጥፍ 4 ይሆንና፣ ከ4 ቀጥሎ ሲጻፍ የሚመጣው ቁጥር በዚያው አሃዝ ሲባዛ ከ152 የማይበልጥበት ትልቁ አሃዝ ይፈለጋል፤ 43 በ3 ሲባዛ 129 ስለሆነ ሁለተኛው አሃዝ 3 ነው። 129 ከ152 ሲቀነስ 23 ይቀራል፤ የመጨረሻው ክፍል 25 ሲወርድ 2325 ይሆናል። አሁንም 23 በእጥፍ 46 ሆኖ፣ 465 በ5 ሲባዛ 2325 ይመጣል፤ የሚተርፍ ነገር ስለሌለም 55225 ሙሉ ካሬ ቁጥር፣ ዳግም ዘሩም 235 መሆኑ ይረጋገጣል።

ዘዴው የሚሠራበት ምክንያት በመሬት ቅርጽ ቢታሰብ ግልጽ ይሆናል። ጎኑ 235 የሆነ ካሬ መሬት፣ ጎኑ 200 የሆነ አንድ ትልቅ ካሬ፣ ከእርሱ በሁለት ወገን የተለጠፉ ስፋታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ቀጫጭን መደቦችና፣ መደቦቹ በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ያለ አንድ ትንሽ ካሬ ሆኖ ሊታይ ይችላል። የተገኘው አሃዝ በእጥፍ የሚወሰደው መደቦቹ ሁለት ስለሆኑ ነው፤ አዲሱ አሃዝ ከእጥፉ ቀጥሎ የሚጻፈውም የማዕዘኑን ትንሽ ካሬ ጨምሮ ለመያዝ ነው። አሃዞቹ ሁለት ሁለት ሆነው የሚከፈሉት ደግሞ ዘሩ በአሥር እጥፍ ባደገ ቁጥር ርቢው በመቶ እጥፍ ስለሚያድግ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የዘሩ አሃዝ ከርቢው ሁለት አሃዝ ይወስዳል። በህንድ አርያባታ እ.ኤ.አ. በ499 በጻፈው መጽሐፉ በአንድ የግጥም አንቀጽ ያስቀመጠው ደንብም በመሠረቱ ይኸው ነው።

በሜዲትራኒያን ዙሪያ የስሌት ዋና ከተማ እስክንድርያ ነበረች። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ሄሮን ሙሉ ካሬ ላልሆኑ ቁጥሮች የተጠጋ ዳግም ዘር የማውጣትን መንገድ ሲጽፍ፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቴዎን ደግሞ የሥነ ፈለክ ስሌት የሚፈልገውን ዳግም ዘር በትልቅ ካሬ፣ በሁለት መደብና በማዕዘን እየከፋፈለ አብራርቶታል። ከዚያችው ከተማ ለኢትዮጵያ የደረሰው ግን ሌላ ዕውቀት ነው። ከ2ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት የነበረው ድሜጥሮስ የባሕረ ሐሳብ ባለቤት እንደሆነ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይናገራል፤ ይህ ስሌት የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት አስታርቆ ጾመ ነነዌ፣ ዐቢይ ጾምና ትንሣኤ የሚውሉበትን ቀን ያወጣል።

የግዕዝ አኃዝ ቅርጽም ከግሪክ ፊደላት የተወሰደ ሲሆን፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ዒዛና የድንጋይ ጽሑፎች ላይ የምርኮና የከብት ብዛትን ለመግለጽ አገልግሏል። ይሁን እንጂ ተቀባዮቹ አንድ ትልቅ ለውጥ አድርገዋል። ግሪኮች ለ200፣ ለ300 እና እስከ 900 ላሉት ሁሉ ለየብቻ ፊደል ሲኖራቸው፣ ግዕዝ ከ፩ እስከ ፱ እና ከ፲ እስከ ፺ ያሉትን ምልክቶች ብቻ ይዞ፣ ለመቶ ፻ን፣ ለመቶ ጊዜ መቶ ደግሞ ፼ን ጨመረ። በዚህ የተነሣ የግዕዝ ቁጥር በመቶ መደብ የሚሄድ ሆነ፤ ከ፻ በፊትና በኋላ ያለው ሁሉ ከ99 የማይበልጥ፣ ማለትም በዛሬው አጻጻፍ ሁለት አሃዝ የሆነ ቁጥር ነው። ይህ የአክሱም ጸሐፊዎች አሠራር ከዳግም ዘር ጋር ያለው ዝምድና በኋላ ይታያል።

በመካከለኛው ዘመን ስሌት በዓረብኛ ቋንቋ አደገ። አል-ኽዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በባግዳድ በጻፈው የአልጀብራ መጽሐፍ ዳግም ዘርን ከሦስቱ የስሌቱ መሠረቶች አንዱ አደረገው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት የሂሳብ ሰዎችም የህንድን አሃዝ እየተጠቀሙ ሁለት ሁለት አሃዝ የመክፈሉን ዘዴ በአቧራ ሰሌዳ ላይ ያስተምሩ ጀመር። በግብፅ ደግሞ አቡ ሻኪር ኢብን አል-ራሂብ የተባለው የቅብጥ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1257 ስለ ዘመን አቆጣጠርና ስለ ታሪክ ሰፊ መጽሐፍ በዓረብኛ ጻፈ፤ ይህ መጽሐፍ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ግዕዝ ተመልሶ «አቡሻኽር» በሚል ስም የኢትዮጵያ ሊቃውንት መማሪያ ሆነ። ዓረብኛ ሁለቱንም ዕውቀቶች ይዞ ነበር፤ ወደ ግዕዝ የተሻገረው ግን የቤተ ክርስቲያኒቱን ጥያቄ የሚመልሰው የዘመን ስሌት ነው።

ጋይንት ከዚህ ትምህርት ዐውድማዎች አንዱ ሆነ። የቤተልሔም ደብር የድጓ ምስክር ቤት ሆኖ ከመላ አገሪቱ የዜማ ተማሪዎችን ሲሰበስብ፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት ሆነ። ድጓ በዓመቱ ዑደት ውስጥ ለእያንዳንዱ በዓልና ወቅት የተመደበ ዜማ በመሆኑ፣ የትኛው ዜማ በየትኛው ሰንበት እንደሚቆም ለማወቅ የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት መውጫ መታወቅ አለበት፤ ስለዚህ የዜማው ትምህርት ካለ ባሕረ ሐሳብ አይቆምም። በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች እንደሆነው ሁሉ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አድባራትም ዓመቱ በገባ ቁጥር ስሌቱ ይወጣል፤ መስከረም 1 ቀንም የዘመን አዋጁ ለምእመናን ይነገራል።

የስሌቱን ጠባይ ለማየት የ2017 ዓ.ም ባሕረ ሐሳብ ጥሩ ማሳያ ነው። 5500 ዓመተ ኵነኔ ከ2017 ዓመተ ምሕረት ጋር ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ይህ ቁጥር በ19 ሲገደፍ፣ ማለትም 19 እየተነሣለት ቀሪው ብቻ ሲያዝ፣ 12 ይተርፋል፤ አንድ ለዘመን ሲቀነስለት ወንበሩ 11 ነው። አበቅቴ የሚገኘው ወንበሩን በ11 በማባዛት ስለሆነ 11 በ11 ተባዝቶ 121 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍም 1 ይቀራል። መጥቅዕ የሚገኘው ወንበሩን በ19 በማባዛት ስለሆነ 209 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 29 ይቀራል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መምጣታቸው ስሌቱ ትክክል ለመሆኑ ማረጋገጫ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 29 ረቡዕ ስለነበረና የረቡዕ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር፣ 4 ስለሆነ፣ 29 እና 4 ተደምረው 33፣ ከዚህም 30 ሲነሣ መባጃ ሐመሩ 3 ሆኗል። በዚህ መሠረት ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ገባ፤ በመባጃ ሐመሩ ላይ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመርም ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ።

በዚህ ስሌት መካከል 121 የተባለ ሙሉ ካሬ ቁጥር ብቅ ማለቱ መታየት አለበት። ተማሪው 11ን በ11 አባዝቶ ካሬውን ያገኘው ሊያቆየው አይደለም፤ ወዲያው በ30 ገድፎ 1ን ብቻ ይይዛል፤ የጨረቃን ዕድሜ የሚነግረው ቀሪው ነውና። ከአበቅቴ ወደ ወንበር መመለስ ቢያስፈልግም ዳግም ዘር ማውጣት አይጠበቅበትም፤ ወንበሮቹ ከ0 እስከ 18 ያሉ 19 ብቻ በመሆናቸውና ለእያንዳንዱ ወንበር አንድ የራሱ አበቅቴ ስላለው፣ የሸመደደውን ዝርዝር ወደ ኋላ ማየት ይበቃዋል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት በመደመር፣ በማባዛትና በመግደፍ የተካኑ ሆነው ዳግም ዘር ያላስፈለጋቸው የዕውቀት ጉድለት ስለነበረባቸው ሳይሆን፣ ጥያቄያቸው የጊዜ እንጂ የስፋት ጥያቄ ስላልነበረ ነው። ይህ የስሌት ቅርስ ለዓለም ምሁራን በሰፊው የተገለጠው ኦቶ ኖይገባወር ስለ ኢትዮጵያ የሥነ ፈለክና የዘመን ስሌት እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት ሲሆን፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም «ባሕረ ሐሳብ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ለአማርኛ አንባቢ አቅርበውታል።

የስፋት ጥያቄ የሚነሣባቸው ሁለቱ የአካባቢው ሥራዎች፣ ሕንጻና እርሻ፣ ያለ ቁጥር የሚፈቱ ነበሩ። የቤተልሔም ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አራት ማዕዘን ሆኖ ሳለ፣ በዙሪያው በተሠራ ክብ ሕንጻ ውስጥ ተሸፍኖ መገኘቱ በሥነ ሕንጻ ተመራማሪዎች ዘንድ ታዋቂ አድርጎታል፤ በብዙዎቹ የአካባቢው ክብ አብያተ ክርስቲያናትም በቅድስትና በቅኔ ማኅሌት የተከበበው መቅደስ አራት ማዕዘን ነው። ጎኑ 5 ክንድ የሆነ ካሬ ክፍል ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው ርዝመት በራሱ ሲባዛ 50 ስለሚሆን፣ 50ም ሙሉ ካሬ ስላልሆነ፣ ርዝመቱ ከ7 ክንድ ጥቂት ይበልጣል እንጂ በሙሉ ቁጥር አይገለጽም። ግንበኛው ግን ገመዱን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲወጥር ርዝመቱን በእጁ ያገኘዋል፤ ቁጥሩን ማወቅ አያስፈልገውም።

በእርሻ በኩል ገበሬው መሬቱን የሚለካው በጥማድ፣ ማለትም ጥንድ በሬ በአንድ ቀን በሚያርሰው መጠን ነበር። ጥማድ የድካም መለኪያ በመሆኑ እንደ አፈሩና እንደ ተዳፋቱ ይለያያል፤ የጎንና የጎን ብዜትም አይደለም። በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች መንግሥት መሬትን በቃላድ፣ ማለትም በመለኪያ ገመድ፣ እያስለካ በጋሻ ሲመድብ፣ የርስት ሥርዓት በጸናበት በበጌምድር ግን ቃላድ አልተጣለም፤ የባለርስቱ ድርሻ የሚወሰነው በትውልድ ሐረግና በሽማግሌ ምስክር ነበር። ስለዚህ ስፋትን በቁጥር የመግለጽ፣ ከስፋትም ወደ ጎን የመመለስ ጥያቄ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በጋይንትና በእስቴ ገበሬ ዘንድ የሚነሣ አልነበረም።

በአውሮፓ በዚህ ጊዜ ዳግም ዘር የትምህርት ቤት ስሌት ሆኖ ነበር። ፊቦናቺ እ.ኤ.አ. በ1202 የዓረቦችን ዘዴ በላቲን አቅርቦ፣ ክሪስቶፍ ሩዶልፍ በ1525 ባሳተመው የጀርመንኛ መጽሐፍ የ√ን ምልክት አስተዋውቆ፣ ዴካርት በ1637 ከምልክቱ በላይ የሚሰመረውን አግድም መስመር ጨምሮበት፣ ምልክቱ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት የሚታየውን መልክ ያዘ። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት የተጀመረው በ1900 ዓ.ም ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ በከፈቱት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ መምህራን ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። የዘመን ስሌቱ በመጣበት በዚያው በግብፅ በኩል የዘመናዊው ሂሳብ ትምህርትም መግባቱ የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው።

ከዋና ከተማው ርቀው፣ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በሚወርዱ ገደላማ ሸለቆዎች ተቆራርጠው ለሚገኙት ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ገጠሮች ዘመናዊው ትምህርት የደረሰው ዘግይቶ ነው። መሬት የሕዝብ መሆኑ በታወጀበት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የርስት ሥርዓት አበቃ፤ አዋጁ አንድ ቤተሰብ የሚይዘው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ስለወሰነ፣ ስፋት በቁጥር መነገር ጀመረ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ንባብንና ጽሕፈትን ከስሌት ጋር ወደ ገጠር አደረሰ፤ ቻይናውያን የሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድም ደብረ ታቦርንና ነፋስ መውጫን አቋርጦ ሲያልፍ አካባቢውን ከሌላው አገር ጋር አገናኘው። ከዚያ ወዲህ በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ፣ በየገጠር ቀበሌውም ትምህርት ቤቶች ሲስፋፉ፣ የካሬ ቁጥሮችና የዳግም ዘር ምዕራፍ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ የሚያልፍበት ሆነ።

ምዕራፉ ከገበሬው ሕይወት ጋር የተገናኘው ከ1995 ዓ.ም ወዲህ በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ ሲጀመርና ባለይዞታዎች የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መቀበል ሲጀምሩ ነው። በመጀመሪያው ዙር መሬቱ የጎረቤትና የሽማግሌ ምስክር እየተሰማ በገመድ ሲለካ፣ በኋላ የመጣው ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ከአየር በተነሡ ምስሎች የማሳውን ካርታና ስፋት አወጣ። ደብተሩ ስፋቱን በሄክታር ስለሚገልጽ፣ ባለይዞታው ቁጥሩን ከዓይኑ ልክ ጋር ለማስተያየት ሲፈልግ ከስፋት ወደ ጎን መመለስ ይኖርበታል። አንድ ሄክታር 10000 ካሬ ሜትር ስለሆነ ማሳው እኩል ጎን ቢኖረው ጎኑ 100 ሜትር ነው። ጥማድ በዛሬ ልማድ ሩብ ሄክታር ተደርጎ ስለሚቆጠር 2500 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ የ2500 ዳግም ዘርም 50 ነው፤ ስለዚህ እኩል ጎን ያለው የአንድ ጥማድ ማሳ ጎኑ 50 ሜትር ነው። የ1967ቱ አዋጅ የወሰነው 10 ሄክታር ግን 100000 ካሬ ሜትር ሆኖ ሙሉ ካሬ አይደለም፤ 316 በራሱ ሲባዛ 99856፣ 317 በራሱ ሲባዛ ደግሞ 100489 ስለሚሆን፣ ዘሩ በሁለቱ መካከል ይወድቃል።

የቤተ ክርስቲያኑ የቁጥር ትምህርትና የ8ኛ ክፍሉ ምዕራፍ የሚገናኙበት ቦታ ሁለት ነው፤ አንደኛው የግዕዝ አኃዝ አጻጻፍ ነው። ከላይ እንደተገለጸው ዳግም ዘር የሚወጣው አሃዞችን ሁለት ሁለት አድርጎ በመክፈል ሲሆን፣ ግዕዝ ደግሞ ቁጥርን ራሱ በመቶ በመቶ ከፍሎ ይጽፋል። 7396 በግዕዝ ፸፫፻፺፮ ተብሎ ሲጻፍ፣ ከ፻ በፊት ያለው ፸፫ የመጀመሪያው ክፍል፣ ከ፻ በኋላ ያለው ፺፮ ሁለተኛው ክፍል ነው። ከ73 የማይበልጠው ትልቁ ካሬ 64 ስለሆነ የዘሩ የመጀመሪያ አሃዝ 8 ነው፤ 9 ይተርፍና 96 ሲወርድ 996 ይሆናል፤ የ8 እጥፍ 16 ሆኖ 166 በ6 ሲባዛ 996 ስለሚሆን ዘሩ ፹፮ ነው። የቻይናው መጽሐፍ ጥያቄ 55225 በግዕዝ ፭፼፶፪፻፳፭ ሲጻፍ፣ 5፣ 52 እና 25 የሚሉት ሦስቱ ክፍሎች በ፼ እና በ፻ ተለይተው ይታያሉ። ግዕዝ ለዜሮ ምልክት ስለሌለው ባዶ የሆነን ክፍል አይጽፍም፤ ስለዚህ ፲፮፼ ተብሎ የተጻፈው 160000 ዘሩ ሲወጣ ከ16 በኋላ ሁለት ባዶ ክፍሎች እንዳሉት መታሰብ አለበት፤ ዘሩም 400 ነው።

ሁለተኛው መገናኛ በ30 መግደፍ ነው። ማንኛውም ሙሉ ካሬ ቁጥር በ30 ሲገደፍ ቀሪው ከ0፣ 1፣ 4፣ 6፣ 9፣ 10፣ 15፣ 16፣ 19፣ 21፣ 24 እና 25 አንዱ መሆን አለበት፤ ከሠላሳዎቹ ቀሪዎች የሚፈቀዱት እነዚህ አሥራ ሁለቱ ብቻ ናቸው። 7396 በ30 ሲገደፍ 16 ስለሚቀር ፈተናውን ያልፋል፤ 7398 ግን 18 ስለሚቀርበት ዳግም ዘሩን ለማውጣት ሳይደከም ሙሉ ካሬ አለመሆኑ ይታወቃል። ፈተናው ለማስወገድ እንጂ ለማጽደቅ አይበቃም፤ ለምሳሌ 100000 በ30 ሲገደፍ 10 ስለሚቀር ፈተናውን ያልፋል፤ ሆኖም ሙሉ ካሬ አለመሆኑ ቀደም ሲል ታይቷል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲያወጣ ያደገ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ይህን ፈተና ለመማር የሚያስፈልገው አዲስ ነገር አሥራ ሁለቱን ቀሪዎች ማወቅ ብቻ ነው።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ብዙ ልጆች ከአብነት ትምህርት ቤት ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት ይሻገራሉ፤ የግዕዝ አኃዝን ጽፈው፣ በ30 መግደፍን ለምደው ሳለ፣ የ8ኛ ክፍል ዳግም ዘርን ግን ከሚያውቁት ነገር ሁሉ የተለየ አዲስ ዕውቀት አድርገው ይቀበሉታል። የታሪኩ ሂደት እንደሚያሳየው ሁለቱ ትምህርቶች የተለያዩት በጥያቄያቸው እንጂ በአሠራራቸው አይደለም። ስለዚህ የአካባቢው የሂሳብ መምህራን ሁለት ሁለት አሃዝ መክፈልን ሲያስተምሩ ቁጥሩን በግዕዝ አስጽፈው ቢጀምሩ፣ ሙሉ ካሬ ቁጥርን ሲያስለዩም በ30 መግደፍን ቢጠቀሙ፣ ተማሪው የሚያውቀውን ይዞ ወደማያውቀው እንዲሻገር ያደርጉታል፤ የአብነት መምህራንም ወንበርን ከአበቅቴ ጋር ሲያስተምሩ 121 የ11 ዳግም ርቢ መሆኑን ቢጠቁሙ፣ ትምህርታቸው በሚቀጥለው ክፍል ዳግም ዘር የሚጠብቀውን ልጅ ያግዛል።